ሁለት ሚሊሜትር ተኩል

ሃይድሩን የድሮውን የኮምፒውተር ካርድ አሻሽላ ለመሥራት እሺ ያለችው ለካርዱ ብላ አልነበረም፤ ወንድሟን አጠገቧ አስቀምጣ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የክበቡ ሽማግሌዎች ቢሰሙ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቷ መሳቂያ ያደርጓት ነበር፤ ሥራ የፈታ ሽማግሌ እንደሚያሾፈው ጎረምሳም አያሾፍም።

ክበቡ የአሮጌ ኮምፒውተር ክበብ ነው። ምሥራቅ ጀርመን የሚባል አገር በነበረ ጊዜ፣ እዚያው የሚሠራ አንድ ግራጫ ኮምፒውተር ነበር። ፋብሪካው ከተዘጋ፣ አገሪቱም ራሷ ከካርታ ከጠፋች ሠላሳ ዓመት አልፏል። እነዚህ ሰዎች ግን በየዓመቱ ሚያዝያ ሲመጣ፣ በቱሪንገን ጫካ ዳር ባለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ይሰበሰቡና ግራጫ ማሽኖቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ። ክዳን ይከፍታሉ፣ አቧራ እፍ ይላሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ፣ "የኔው ገና ነፍሱ አለች" ይባባላሉ። ሚስቶቻቸው ድሮ ድሮ ይቆጡ ነበር። ኋላ ግን ባል ሌላ ቦታ ከሚውል አሮጌ ሽቦ ሲነካካ ቢውል ይሻላል ብለው ተዉአቸው።

ሃይድሩን በዚያ ፋብሪካ የንድፍ ክፍል ውስጥ ነበረች። ያኔ የሰርኪዩት ሰሌዳ፣ ኤሌክትሪክ በመዳብ መስመር የሚሄድበት የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የሚነደፈው በእጅ ነው። ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይዘረጋል፤ ከዚያ ቀጭን ጥቁር ፕላስተር እየለጠፉ፣ በምላጭ እየቆረጡ፣ መዳቡ የሚሄድበትን መንገድ አንድ በአንድ ማውጣት ነው። ሁለት መስመር ከተነካካ የሳምንት ልፋት ውሃ በላው። ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ሲሠሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ከመስኮቱ በላይ ያለችው ራዲዮ ብቻ ታንጎራጉራለች። በበረዶው ወራት የጠረጴዛው መብራት ከሥር እጃቸውን ያሞቅላቸው ነበር። ሃይድሩን እስከ ዛሬ ድረስ መስተዋት ላይ መዳፏን ስታሳርፍ ያ ሙቀት ይመጣባታል፤ ሳይመጣ ሲቀርም ሆዷ ይባባል።

ከሥራ ሰዓት በኋላ ሠራተኛው ለራሱ ሲሠራ አለቃው አላየሁም ይል ነበር። ሰሌዳ በአሲድ የሚያጥቡትም ሰዎች በአንድ ትሪ የፕለም ኬክ ይስማሙ ነበር። ያኔ በገንዘብ የማይገኝ ነገር ሁሉ በኬክ ይገኛል። እሷና ታናሽ ወንድሟ ፎልክማር ያን ካርድ የሠሩት እንደዚያ ነው። እሱ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ሰርኪዩቱን እሱ አሰበው፣ መስመሩን እሷ ዘረጋችው። ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ሲሰካ የማስታወስ ችሎታውን በእጥፍ ይጨምርለታል፣ ድምፅም ይሰጠዋል። ሰዉ ወደደው፤ ስሙንም "እህትና ወንድም" አሉት።

አንድ ሕመም ግን ነበረበት። ማሽኑ ሲሞቅ ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደላት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የየራሱ መድኃኒት አለው። የክበቡ ሊቀመንበር ቡርክሃርት፣ ቦርጩ ከሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ ሰው፣ ማሽኑ ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል ያደርግበታል። ኤሌክትሪክና ውሃ እንደማይስማሙ ማንም ያልነገረው ይመስላል።

ያኔ እህትና ወንድም ሕመሙን ፈልገው ሊያድኑት ተነጋግረው ነበር፤ አልደረሱበትም። በፈረንጆቹ ሰማንያ ዘጠኝ በጋ ላይ ፎልክማር "ሃንጋሪ ሐይቅ ዳር ሳምንት ዐርፌ ልምጣ" ብሎ ወጣ። የዚያን በጋ የሃንጋሪ ድንበር ላልቶ ስለነበር ወጣቱ ሁሉ ወደ ምዕራብ ይሾልክ ነበር። እሱም ሾለከ። ሦስት ወር ሳይሞላ የበርሊን ግንብ ፈረሰና ድንበር የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። እናታቸው "ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ በባቡር፣ ሳንድዊቹን ይዞ ይሄድ ነበር" እያሉ ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ለሠርግ መጥቷል፣ ለቀብር መጥቷል። በገና ካርድ ይልካል። በምዕራቡ በኩል፣ ስቱትጋርት አጠገብ ቤት ሠርቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ልጆች አሳድጓል። ሃይድሩን ያን ቤት በፎቶ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ እሱ ነይ አላላትም፣ እሷም ልምጣ አላለችም። ጥያቄዋም እንዳለ ተቀመጠ፤ ለምን አልነገርከኝም? በቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም፣ በሠርግ ላይማ ጭራሽ። አበው "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይላሉ። እሷ ግን ቂሟን ይዛ በየገናው "መልካም በዓል፣ እወድሃለሁ" ብላ ትጽፋለች። ሁለቱም እውነት ነበር።

ባለፈው መኸር ቡርክሃርት ደወለላት።

"ስሚ፣ ካርዱን እንደ አዲስ ብናሠራው ምን ይመስልሻል? አባላቱ እየለመኑኝ ነው። ፎጣዬም አርጅቷል።"

"ፎልክማር አብሮኝ ከሠራ" አለች፤ ሳታስበው አፏ ቀደማት።

"እሱ ከመጣማ ቢራው በኔ ነው።"

ፎልክማር በዚያው ቀን እሺ ብሎ ጻፈላት። እንዲህ በቶሎ እሺ ይላል ብላ አላሰበችም ነበርና ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው።

የበረዶውን ወራት ሙሉ በኢሜይል ተመላለሱ። እሷ የድሮውን ላስቲክ ከቁም ሣጥን አውጥታ ፎቶ አንሥታ ላከችለት። እሱ በኮምፒውተር መልሶ ሣለው፣ ከዚያ መተቻቸት ጀመሩ።

"ይቺን መስመር ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ ያንከራተትሻት?" ይላል እሱ። "ገበያ ልከሻት ነበር?"

"ቺፑን ጥግ ላይ የወረወርከው አንተ። መንገዱን ጠርጌ የምደርስበት እኔ።"

"ያኔ ልጅ ነበርኩ።"

"አሁንስ?"

ሕመሙ የት እንዳለ ያገኙት ታኅሣሥ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስበት መስመር በድሮው ሰሌዳ ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ሰሌዳውን በሙሉ ይዞር ነበር፤ ቺፖቹ ሁሉ በዚያች በአንዲት ቀጭን መንገድ ይጋፋሉ። ሲሞቁ ግፊያው ይብሳል፣ ፊደላቱም ይንቀጠቀጣሉ። ፎልክማር ባዶውን ቦታ በሙሉ በመዳብ ሞላው፤ መመለሻው መንገድ መሆኑ ቀርቶ ሜዳ ሆነ። በየቺፑ ሥር አንዳንድ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ካፓሲተር አስቀመጠ። እሷ ደግሞ ቺፖቹን በአንድ ምት የሚያስኬደውን መስመር አሳጠረችው፤ ሰሌዳውን ዙሪያውን ይዞር የነበረው አሁን ቀጥ ብሎ መሀል ለመሀል ይሄዳል። እውነቱን ለመናገር የሱ ሥራ ከድሮው የሷ ሥራ በብዙ ይበልጣል። አልደበቀችውም፤ "ጎበዝ" ብላ ጻፈችለት። እሱ ግን ጨርሶ የሷን ኩርባዎች ሁሉ በማስመሪያ እንደ ተሰመረ ሊያቃናቸው ሲነሣ ከለከለችው።

"ሁለቱን ተውልኝ" አለችው።

"ምን ይሠራሉ?"

"ምንም። እኔ እንደሠራሁት ይታወቅ።"

ተዋቸው።

ሰሌዳዎቹ ከሩቅ ምሥራቅ ተሠርተው በስብሰባው ዋዜማ ቡርክሃርት ዘንድ ደረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ፎልክማር መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል፤ አረማመዱ ግን ያው የአባታቸው ነው፣ አንድ ትከሻው ቀድሞ የሚሄድ። እህቱን ሲያገኝ መጀመሪያ እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ አቀፋት፣ ከዚያ ሁለቱም ምን እንደሚሉ ጠፋቸውና ስለ መንገዱ አወሩ።

ቡርክሃርት ካርቶኑን ቀደደው። አርባ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ የሚያብረቀርቅ። አባላቱ ከበቡ። ሃይድሩን ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈተች። ውስጡ ካርዱን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኙት ረጃጅም መሰኪያዎች አሉ፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ ቆሻሻ ሊጣሉ ሲሉ በቀሚሷ ኪስ ያወጣቻቸው። በዚህ ዘመን ሌላ የትም አይገኙም።

አንዱን አነሣችና እግሮቹን ወደ ሰሌዳው ቀዳዳዎች ገፋች። መሀሎቹ ገቡ፣ ዳርና ዳሩ አልገባ አለ። ገልብጣ ሞከረች። ሌላ መሰኪያ አነሣች።

"ካንቺ መለየት አልፈለገም" አለ ቡርክሃርት።

ማንም አልሳቀም። ፎልክማር ከቦርሳው መለኪያ አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ለካ፣ መሰኪያውን ለካ፣ ከዚያ መለኪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"በኢንች ነው የሠራሁት" አለ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ይህ ለማንም ማብራሪያ አያሻውም ነበር። በእነሱ አገር ኮምፒውተር በሚሊሜትር ነበር የሚለካው፤ ከእግር እስከ እግር ሁለት ሚሊሜትር ተኩል። ምዕራቡ ግን በኢንች ነው፤ የኢንች አንድ አሥረኛ ከሁለት ሚሊሜትር ተኩል ፀጉር በምታህል ይበልጣል። አንድ እግር ላይ ዓይን አያየውም። ረጅም ረድፍ ላይ ግን ፀጉሯ እየተደመረች ዳሩ ላይ ስትደርስ የማታስገባ ትሆናለች። ፎልክማር በምዕራብ ሠላሳ ዓመት በኢንች ኖሯል።

"ምዕራቡ በላው" ሲል አንዱ ከኋላ ተሰማ።

ሃይድሩንን መጀመሪያ የያዛት ንዴት ነው። ሁለት ተኩልን እንዴት ይረሳል? የእናቱን ቤት ቁጥር እንደ መርሳት አይደለም? እኛንም እንዲሁ ነው የረሳን፣ አለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ ቆይ፣ እኔስ ጽፌለታለሁ? ብላ አሰበች። የበረዶውን ወራት ሙሉ የጻፈችለትን በሐሳቧ ፈተሸች፤ አንድ ቦታ እንኳ አልጻፈችም። ማን ይጽፈዋል? "እናታችን ሴት ነበረች" ብሎ የሚጽፍ አለ? እሷ መናገር እንዳለባት አላወቀችም፣ እሱም መጠየቅ እንዳለበት አላወቀም።

"ይቅርታ" አለ ፎልክማር ለሁሉም። "አስተካክዬ አሠራውና እልክላችኋለሁ። አሁን ምሳ ሳይደርስ ልነሣ፣ መንገዱም ሩቅ ነው።" ኮቱን አነሣ።

ሃይድሩን ኮቱን ከእጁ ወሰደችው።

"የትም አትሄድም። ተቀመጥ። እናበጥረዋለን።"

ፎልክማር ለአፍታ አያት፣ ከዚያ ከንፈሩ ዳር ትንሽ ተነቃነቀ። ድሮ ምዕራብ ያለች አክስታቸው በቸኮላታ ካርቶን ውስጥ ደብቃ ቺፕ ትልክላቸው ነበር። የቺፑ እግር በኢንች፣ የእነሱ ሰሌዳ በሚሊሜትር። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው እግሮቹን አንድ በአንድ በወረንጦ እያጎበጡ ወደ ቀዳዳው ያስገቧቸዋል፤ የመሀሉን ሳይነኩ፣ ወደ ዳር በሄዱ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ። ማበጠር ይሉት ነበር። እናታቸው ጎንበስ ብለው ሲያዩአቸው "ቅማል ነው የምትለቅሙት?" ይሏቸዋል።

"ወረንጦ ያለው?" አለ ፎልክማር።

ወረንጦ ሞልቶ ነበር። የአሮጌ ኮምፒውተር ሰው ሱሪውን ይረሳል እንጂ ወረንጦውን አይረሳም። እህትና ወንድም መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ማበጠር ጀመሩ፤ እሷ ከግራ ዳር፣ እሱ ከቀኝ ዳር። የሷ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ የሱ እጅ ግን ምንም አልተለወጠም፣ እንዲያውም ከሷ ቀድሞ ጨረሰና የሷን ግማሽ ተሻማት።

"የራስህን ሥራ።"

"ያንቺን ብጠብቅ ፋሲካ ያልፋል።"

መሰኪያው ገባ። ፎልክማር በየደው፣ ቺፖቹን ሰኩ፣ ካርዱን የቡርክሃርት ማሽን ላይ አስገቡት። ስክሪኑ በራ፤ ፊደላቱም ተደርድረው ቆሙ። ይህ ግን ገና ምንም ማለት አይደለም። ድሮም ሲጀምር ይቆማሉ፣ ሕመሙ የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ማሽኑ እስኪግል መጠበቅ አለበት፣ አንድ ሰው ደግሞ ተቀምጦ ፊደላቱን ማየት አለበት።

"እኛ እናያለን" አለች ሃይድሩን። "እናንተ ብሉ።"

ውጪ ቋሊማው ከሰል ላይ ተጥዶ ሽታው ገብቷልና ሁለቴ የሚለምናቸው አልፈለጉም። ቡርክሃርት ፎጣውን እያየ ወጣ። ክፍሉ ባዶ ሆነ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ሃይድሩን ጥያቄዋን ለዓመታት ስትለማመደው ኖራለች፤ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በሻወር ውስጥ፣ ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ መጋረጃ በምትሸጥበት ሱቅ ጨርቅ እየለካች። አሁን ግን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ትዝ አላት። ቢሆንም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ ጠየቀችው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። ለዚህም አመሰገነችው።

"ብነግርሽ ደኅንነቶች መጥተው ይጠይቁሽ ነበር" አለ። "አንቺ ደግሞ መዋሸት አትችይም። ጆሮሽ ይቀላል።"

"ይሄን እናታችንም ነግራኛለች። ሌላውስ?"

"ሌላ ምን?"

"ፎልክማር።"

ወረንጦውን አንሥቶ በጣቶቹ መሀል ያገላብጠው ጀመር።

"ብነግርሽ አትሂድ ትይኝ ነበር። ካልሽኝ ደግሞ እቀር ነበር። ያንቺን ፊት እያየሁ የምሄድበት አንጀት አልነበረኝም። ይኸው፤ ፈሪ ነበርኩ።"

"እኔ አትሂድ እልህ ነበር?"

"እንዴ፣ እናታችን ነበረች። ሥራሽ ነበር። ያን መብራት ያለበትን ጠረጴዛ ከሰው አስበልጠሽ ነበር የምትወጂው። አንቺ ከዚያ ንቅንቅ እንደማትይ ማን ያጣዋል? እኔ እኮ አዝኜልሽ ነው የሄድኩት።"

ሃይድሩን ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም፣ እሷንም አስደነገጣት።

"አብሬህ እሄድ ነበር" አለች።

ፎልክማር ዞር ብሎ አያት።

"ያን ቀን ጠዋት ብትነግረኝ ከሰዓት ቦርሳዬ ይዘጋጅ ነበር። ጠረጴዛውን እወደው ነበር፣ አዎ፤ ሌላ ምን የሚወደድ ነበረኝ? ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። መስኮት ዳር ተቀምጬ የሰው አገር ራዲዮ እየሰማሁ ፕላስተር እለጥፋለሁ። አንድ ሰው መጥቶ ተነሺ እንሂድ እንዲለኝ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ባሌ አላለኝም፣ ነፍሱን ይማረውና እሱ ከአትክልቱ አጥር አልፎ አያውቅም ነበር። አንተ ግን ትለኛለህ ብዬ ነበር።"

"እንዲህ ብለሽኝ አታውቂም።"

"ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ስንት ዓመት ይህን በተናገርኩት ቀን ይቀለኛል ብላ ኖራለች። አልቀለላትም። ሸክሙ ከሷ ትከሻ ሲወርድ እሱ ላይ ሲጫን በዓይኗ አየችው። የሃምሳ ስምንት ዓመቱ ሰው ፊት ላይ ያ የሃያ አራት ዓመቱ ልጅ ብቅ አለ፤ ድንበር ላይ ሌሊት ሣር ውስጥ ተኝቶ፣ እህቴ እንኳን አልመጣች ብሎ ራሱን ሲያጽናና የነበረው። ለካ ሁለቱም በየፊናቸው አንዱ ለሌላው ሲያዝኑ ነው የኖሩት። አንጀቷን በላት፤ ባልጠየቅሁት ብላም ተመኘች።

በሩ ተከፈተና ቡርክሃርት ሰናፍጭ አፉ ዳር ለጥፎ ገባ። ማሽኑን በመዳፉ ነካ።

"ይሄ እኮ እንቁላል ይጠብሳል" አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየ፣ ጎንበስ ብሎም ደግሞ አየ። "አንዷም ፊደል አልተነቃነቀችም። ሰዎች፣ ኑ እዩ፤ አንዷም አልተነቃነቀችም።"

አባላቱ ሳህን ሳህናቸውን እንደያዙ ገቡ። አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላው የፎልክማርን ጀርባ መታ፣ የቀሩት ሰሌዳዎች በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚበጠሩ ክርክር ተጀመረ። ቡርክሃርት ፎጣውን ለሚፈልግ በጨረታ እሸጣለሁ አለ። ግርግሩ መሀል ሁለቱ ካሉበት አልተነሡም።

ከሰዓት በኋላ ክበቡ በሙሉ ሲያበጥር ዋለ። ፎልክማር ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ እንዴት እንደሆነ አሳየ። ሃይድሩን ከሩቅ ታየው ነበር፤ ይቀየመኛል ይሆን፣ ወይስ ነገ ጠዋት እንደ ቀብሩ ቀን ኬኩን በልቶ ሄዶ ዳግመኛ አይመጣም ይሆን እያለች። የልቧን ተናግራለች፣ መልሳ ልትውጠው አትችልም።

ሲመሻሽ ሰዉ ለራት ሲነሣ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ኮቱን ይዟል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ተማሪ።

"ነገ ነው የምመለሰው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ሃይድሩን።" ቆመ። እንደገና ጀመረ። "አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

ሃይድሩን ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ረጅም መንገድ ስትቀመጥ ጉልበቷ ያብጣል። ድመቷን የሚያበላላት ጎረቤት ደውላ መለመን አለባት፣ ሰኞም የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አላት።

"እሄዳለሁ" አለችው።